ጎንደር ሆነህ መኪናህን ለድራግ ሬስ ስታዘጋጅ፦ ዋናው ነገር ያለው የመጀመሪያዋ 18 ሜትር ላይ ነው

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች ዲኤክሳቸውን ቀለም አስቀብተው፣ ቸርኬ ቀይረው፣ ማርሚታውን አስቆርጠው ይመጡና "በቃ አሁን ለድራግ ዝግጁ ናት" ይሉኛል። እኔ ደሞ ከመኪና ስር ተኝቼ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማርሚታ መቁረጥ ድምፅ ይጨምራል እንጂ መኪናዋን አያፈጥናትም፣ አንዳንዴ እንደውም ከታች ያላትን ጉልበት ይቀንስባታል። ስለዚ ገንዘብህና ጊዜህ የት ላይ ቢውል እንደሚሻል እንደመጣልኝ ልፃፍልህ።

ድራግ ሬስ ማለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር፣ ሩብ ማይል ማለት ነው፣ ወይም ግማሹን 201 ሜትር የሚሮጡበት ነው፣ ኩርባ ምናምን የለውም። አሜሪካ ኤንኤችአርኤ የሚባለው ማህበር በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አላማው ራሱ መንገድ ላይ የሚሯሯጡትን ልጆች ወደ ተዘጋ ሜዳ ማስገባት ነበር፣ እና ይሄ ለኛም ቁልፍ ነገር ነው። የአዘዞ መንገድ የሬስ ቦታ አይደለም። "ሌሊት ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው" ይሉኛል፣ ወንድሜ ጎንደር ውስጥ ሌሊት ባዶ መንገድ የለም፣ አንተ መንገዱ ጭር ብሏል የምትልበት ሰአት እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን የሚወጡበት ሰአት ነው፣ ባጃጁ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ አህያ አለ። በ120 እየሄድክ ነጠላ ለብሳ ከዳር ብቅ ያለች ሴት ብታይ ልታቆም አትችልም፣ በቃ አትችልም።

ታዲያ የት እንለማመድ? እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው። ድራግ ላይ ትልቁ ልዩነት የሚፈጠረው የመጀመሪያዋ 60 ጫማ ላይ ነው፣ 18 ሜትር ከ30 ሳንቲ ገደማ ማለት ነው። እዛች ላይ ያተረፍካት 1 አስረኛ ሰከንድ መጨረሻው መስመር ላይ አብራህ ትደርሳለች፣ እንደውም ጨምራ ነው የምትደርሰው። እና 18 ሜትር ለመለማመድ አስፋልት መዝጋት አያስፈልግህም፣ አጥር ያለው፣ ሜዳው ደልዳላ የሆነ፣ አስፋልት ወይ ኮንክሪት የፈሰሰበት አንድ ግቢ ይበቃሃል፣ ርዝመቱ 100 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ 18ቱ ለመነሻ የቀረው ለማቆሚያ። ባለቤቱን አስፈቅድ፣ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ ልጆች ካሉ አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። በኖራ ሁለት መስመር አስምር፣ ጓደኛህ ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረፅህ። ስልኩ በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርፅ ከሆነ ጎማው ከተንቀሳቀሰበት ምስል ጀምረህ ሁለተኛውን መስመር እስኪነካ ቁጠርና ለ60 አካፍል፣ ሰከንድህን አገኘህ። ማሽን መግዛት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ማለት ደሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ትንሽ ነው ማለት ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባለት መሳሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚ ከአምስት አንድ እጅ ጉልበቱን ያጣል፣ ትንሽም ይበልጣል፣ ባህር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚ ወደ 78 ይወርዳል ብለህ አስብ። ወደ መተማ የወረደ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ቆላ ስትገባ ያቺው መኪና ትነቃለች። ስለዚ ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን የሌላ አገር ሰው ሰአት ከራስህ ጋር አወዳድረህ አትናደድ። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል እስከ 2023 ድረስ የሚሰራ ትራክ ነበር፣ እሱ ወደ 1,770 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፣ ከኛ ያንሳል፣ እዛም የሚሮጡ ሰዎች ሰአታቸውን በከፍታ ሂሳብ እያስተካከሉ ነበር የሚያነፃፅሩት።

ካርቡሬተር፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ማለት ነው፣ ያላት ዲኤክስ ከሆነች ያለችህ፣ ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር የተሰራ ከሆነ እዚ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ፣ ሲነሳ መታፈን፣ የቤንዚን ሽታ፣ ምልክቱ ይሄ ነው። ካንዴላውን ፍታና እየው፣ ጥቁር ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ደሞ ቤንዚን አንሷል፣ እሱ ነው ፒስተን የሚበሳው ስለዚ እንዳትቀጥል። ቤንዚኗ የምታልፍባትን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች ማስቀየር ብዙ ብር የማያወጣ ግን ወዲያው የሚታወቅ ስራ ነው። ታይሚንጉንም፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅፅበት ማለቴ ነው፣ ሁለት ዲግሪ ያህል ማስቀደም እዚ ከፍታ ላይ ይቻላል፣ ጫን ስትለው ካንኳኳ ግን ወደነበረበት መልሰው። ቪትዝና ያሪስ ያላችሁ የቤንዚኑን ልክ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል፣ እናንተ የአየር ፊልተር አፅዱ፣ ካንዴላ ቀይሩ፣ በቃ።

ውሃም አትርሳ። እዚ ከተማችን ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካረጀ ግፊት አይዝም፣ ሞተሩ ገና ሙቀቱ ደህና እያለ ይፈላብሃል። ክዳን ቀይር፣ ከቧንቧ የቀዳኸውን ሳይሆን ኩላንት ጨምር፣ በአንድ ሩጫና በሌላው መሃል ኮፈኑን ከፍተህ አቀዝቅዘው። ሲፈላ ክዳኑን የከፈተ ልጅ ፊቱ ሲቃጠል አይቻለሁ፣ እንዳትነካው።

ፍሬን ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ መዋጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ሊማሊሞን የወረደ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ምን እንደሆነ አይነገረውም። እኔ አንዴ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ፔዳሉ እየሰመጠ እየሰመጠ ወለሉ ላይ ደረሰብኝ፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኳት፣ ለካ ዘይቱ ለአመታት ሳይቀየር ውሃ ስቦ ኖሮ ሲሞቅ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ ስለዚ ከቸርኬ በፊት፣ ከማርሚታ በፊት፣ ከሁሉም በፊት የፍሬን ዘይትና ሸራ ነው የሚቀየረው። ይሄን ያላደረገ ልጅ እኔ ጋ መጥቶ ሞተር አስተካክልልኝ ቢለኝ አልነካለትም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ዲኤክስ የምትገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ስትነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና ጎማውን ይጫንልሃል፣ ይሄ ጥቅም ነው። የኋላውን ጎማ ንፋስ በ2 በ2 እየቀነስክ ሞክር፣ 32 ፒኤስአይ ከነበረ 30፣ 28፣ 26፣ የቱ ላይ ሰአትህ እንደተሻለ ፃፈው፣ ከዛ በታች ግን አትውረድ፣ የመንገድ ጎማ ነው። ቪትዝ ግን በፊት ጎማ ነው የምትጎትተው፣ ክብደቱ ይሸሻታል፣ ስለዚ የሚቀነሰው የፊቱ ነው፣ አነሳሷም ለስለስ ማለት አለበት። ፍሪሲዮኑን አንዴ ከመልቀቅ ይልቅ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ይዘህ መያዝ እስኪጀምር ቶሎ ልቀቅ፣ ከዛ የቀረችውን እየመጠንክ። ጎማ ካጨሰ ተሸንፈሃል፣ ጭሱ ለቪዲዮ ያምራል እንጂ መኪናዋ እዛው ነች። አንድ ወዳጄ በ5,000 እያስጮኸ ሲለቅ ውሎ የፍሪሲዮን ሸራውን በአንድ ከሰአት ጨረሰው፣ ካምቢዮ ወርዶ ነው የተቀየረው፣ የጉልበቱን ብር አስበው።

ክብደትም በነፃ የሚገኝ ፍጥነት ነው። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የሳጥን ግሳንግስ አውርድ፣ ታንከሩን ሙሉ አታድርግ፣ 40 ሊትር ቤንዚን ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ቀበቶና ወንበር ግን አይነካም።

ወደ እውነተኛ ትራክ የመሄድ እድል ስታገኝ መነሻው ላይ የገና ዛፍ የሚሉት መብራት ታያለህ። ሶስት ቢጫ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ተከታትለው ይበሩና አረንጓዴ ይመጣል። አረንጓዴውን ከጠበቅክ ዘግይተሃል፣ ሶስተኛው ቢጫ ሲበራ ነው እግርህ የሚሰራው፣ ከቀደምክ ግን ቀይ ይበራና ትወድቃለህ። ሰአትህ መቆጠር የሚጀምረው ደሞ መኪናህ ስትንቀሳቀስ ነው፣ ስለዚ ጥሩ ሰአት አምጥተህም ዘግይተህ ስለተነሳህ ልትሸነፍ ትችላለህ። አማተሮች በብዛት የሚጫወቱት ደሞ ሰአትህን አስቀድመህ የምትናገርበትን ነው፣ መኪናህ በ20.50 ትገባለች ካልክ፣ ሌላው 16.00 ካለ፣ አንተ በአራት ሰከንድ ተኩል ቀድመህ ትለቀቃለህ፣ ካልከው ሰአት ፈጥነህ ከገባህ ግን ትወድቃለህ። ይሄን ስሰማ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፣ እዚህ ጨዋታ ላይ የ1.3 ዲኤክስ ይዘህ ሚሊየን ብር የወጣበትን መኪና ልታሸንፍ ትችላለህ፣ የሚያሸንፈው አስር ጊዜ ተነስቶ አስሩንም አንድ አይነት የሚነሳ ሰው ነው። ያቺ የግቢ ልምምድ ለዚህ ነው።

ሄልሜት በኤንኤችአርኤ ህግ 402 ሜትሩን በ13.99 ሰከንድ እና ከዛ በታች ለሚገቡ ነው ግዴታ፣ ለቆዩ ሞዴሎች 11.49 ሲሆን ደሞ መኪናዋ ብትገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ የውስጥ ብረት ይጠየቃል። የኛ መኪና እዛ አይደርስም፣ እኔ ግን በግቢ ልምምድም አድርግ እላለሁ። ረጅም ሱሪና ሽፍን ጫማ፣ ነጠላ ጫማ ፔዳል ስር ይገባል። ባትሪው በደንብ ይታሰር፣ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ አትነሳ።

ደብተር ያዝ፣ ቀኑን፣ ሰአቱን፣ ሙቀቱን፣ የጎማውን ንፋስና የ18 ሜትር ሰአትህን ፃፍ፣ ጠዋትና ቀትር ራሱ ልዩነት አለው። ስትጨርስ ደሞ ወደ ቤት ከመሄድህ በፊት ጎማውን ወደ 32 መልሰህ አስነፋ፣ የጎማ ብሎኖቹን በሙሉ አንድ በአንድ ጥበቅ፣ ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ሁለቴ ሞክረህ ውጣ።