ለጠበቃዋ እናት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ

ጠበቃ የነበሩ እናት ሲያርፉ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ብዙ ጊዜ ለነገ ቀብር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው የተረባረበበት ጽሑፍ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው ወዳድ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ይደግማል። ልኩ ሁለት ገጽ ነው፤ 400 ቃል ተረጋግቶ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ካለፈ ፀሐይ ላይ የቆመው ለቀስተኛ ማውራት ይጀምራል።

ስሕተት የሚበዛው ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። የትውልድ ዘመኑን እህት በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች፣ አሜሪካ ያለው ልጅ የምረቃውን ዓመት በስልክ በፈረንጅ ይሰጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው፤ የፈረንጆቹ ሐምሌ 1996 የእኛ 1988 ሲሆን፣ ኅዳር 1996 ግን 1989 ነው። ዕድሜ የሚሰላው ሁሉም ወደ አንድ አቆጣጠር ከመጣ በኋላ ነው። ሚያዝያ 1955 የተወለዱ እናት ጥር 2017 ቢያርፉ 61 እንጂ 62 አልሞላቸውም።

ሙያቸውን «የሕግ ባለሙያ» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። ዓቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅና በፈቃድ የሚሠራ ጠበቃ የተለያዩ ናቸው፤ ቀብሩ ላይ የሚቆሙት የሥራ ባልደረቦችም ልዩነቱን ያውቁታል። የጥብቅና ፈቃዳቸውንና የቅጥር ደብዳቤዎቻቸውን አይታችሁ ከመቼ እስከ መቼ የት እንደሠሩ ጻፉ። የደንበኛ ስምና የክርክር ዝርዝር ግን አይነበብም። የደንበኛ ምስጢር ጠበቃዋ ስላረፉ አደባባይ አይወጣም፤ ባለጉዳዩም እዚያው ቆሞ ሊሆን ይችላል።

«ድሆችን በነጻ ያገለግሉ ነበር» ማለትም ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። የቢሮ ጸሐፊያቸውን ጠይቁና ከግዴታው ያለፈውን አውጡ። «ቀለብ ለሚጠይቁ እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አቤቱታ በነጻ ይጽፉ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አሥር ቅጽል ያስንቃል። እርግጥ ጸሐፊዋ ካረጋገጠች ነው።

ለልግስናቸውም እንዲሁ። ይረዱት የነበረውን ማኅበር ደውላችሁ ጠይቁ፤ በዝምታ የሚሰጥ ሰው የሰጠውን ልጆቹ እንኳ ላያውቁት ይችላሉ። የተረዳ ሰው ስም ግን ፈጽሞ አይጠራ። «በየመስከረሙ የሦስት ተማሪዎችን ክፍያ ይሸፍኑ ነበር» ይበቃል። ስሙ በማይክራፎን የተጠራ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባል አስቡት።

ሕመሙን በተመለከተ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው የተለመደ ነው። ሕመሙ ካንሰር ከነበረ ስሙ ይጠራ አይጠራ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው፣ መለኪያውም የእሳቸው ልማድ ነው፤ በሕይወት ሳሉ በግልጽ ይናገሩት ከነበረ መደበቁ እሳቸውን አይመስልም። የሕክምናውን ውጣ ውረድ ግን አትዘርዝሩ። «በበሽታው ተሸነፉ» የሚለውም ይቅር፤ የክስ መዝገብ የተዘጋባቸው ያስመስላል።

እናትነታቸውን አንድ የሚታይ ነገር ይግለጠው፤ ለምሳሌ ማታ የችሎት ፋይል በአንድ እጅ፣ የልጅ ደብተር በሌላው። ከዚያ የልጆችና የልጅ ልጆች ስም በዕድሜ ተራ ይከተላል። ይህችን አንቀጽ ሁለት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ሳያዩዋት አትታተም፤ የተረሳ የእንጀራ ልጅ ወይም በአሳዳጊነት የኖረች ልጅ ቅሬታ ከሙት ዓመት በኋላም ይነሣል።

ፊደሉ 16 ነጥብ፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ፣ ቁጥር ተጽፎበት ይታተም። አንባቢው ከልጆቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል፤ ድምፁ ሲቆረጥ የሚቀጥል ሁለተኛ ሰው ቅጂውን ይዞ አጠገቡ ይቁም። የኮምፒውተሩን ፋይል አትሰርዙ፤ በሣልስቱ የሚመጡ ዘመዶች የሚያርሙት ስም አይጠፋም፣ ለአርባው በትንሽ ካርድ የሚታተመውም የታረመው ነው።