ግዙፍ ዱባ ለማሳደግ ሜትርና ደብተር ያዙ

ዱባ በየቀኑ ሲያዩት ያታልላል። ማደጉንም ማቆሙንም ዓይን ቶሎ አይለየውም። ስለዚህ ግዙፍ ዱባ ላሳድግ ለሚለኝ ሰው ሁሉ፣ ከማዳበሪያው በፊት የልብስ ሰፊ ሜትርና ደብተር ግዛ እለዋለሁ።

ዘሩ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከማንኛውም ተራ ዱባ የወጣ ዘር፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትንከባከቡት፣ 500 ኪሎ አይደርስም። የሚያስፈልጋችሁ አትላንቲክ ጃየንት የሚባለው ዝርያ ነው። ካናዳዊው ገበሬ ሃዋርድ ዲል ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ለዓመታት እየመረጠና እያዳቀለ ያወጣው ሲሆን፣ ዛሬ በውድድር የምናያቸው ግዙፍ ዱባዎች የዘር ሐረጋቸው ወደዚያው ይመለሳል። አሜሪካዊው ትራቪስ ጊንገር እ.ኤ.አ. በ2023 ክብረ ወሰን የሰበረበት ዱባ 1,247 ኪሎ ገደማ ነበር።

የዘሩ ቅርፊት ወፍራም ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፈግ አድርጉትና ለብ ባለ ውሃ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት። ሹል ጫፉን ግን እንዳትነኩት፣ ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። አፈሩ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ከሞቀ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል።

ቦታ ላይ አትሰስቱ። ለአንድ ተክል 50 ካሬ ሜትር ብትሰጡት አይበዛበትም። አፈሩን በኮምፖስትና በደንብ በበሰበሰ ፍግ አዳብሩት፣ ፒኤቹም (የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ልኬት) ከ6.5 እስከ 7 ባለው መካከል ይሁን። ዋናው ሐረግ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ የጎን ሐረጎቹ ግራና ቀኝ ይዘርጉ፣ ከጎን ሐረጎቹ ላይ የሚያቆጠቁጡትን ደግሞ ገና ትንሽ ሳሉ ቁረጧቸው። የሐረጉን አንጓዎች አፈር አልብሷቸው። ከየአንጓው አዲስ ሥር ይወጣል፣ ዱባውን የሚመግበውም ያ ሁሉ ሥር ነው።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ትንሽዬ ዱባ ትለዩዋታላችሁ። ነገ የምትከፈተው እንቡጥ ዛሬ ማታ ጫፏ ቢጫ ይሆናል፣ ያኔ ንብ ቀድሞ እንዳይገባባት በስስ ጨርቅ ሸፍኗት። ጠዋት በማለዳ ወንዴ አበባ ቆርጣችሁ ቅጠሎቹን ግንጥል አድርጉና በብናኝ የተሸፈነውን መሐሉን ሴቴዋ ውስጥ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አሹት። መልሳችሁ ሸፍኗትና ቀኑን ጻፉ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ልኬት የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ተነስቶ ነው። ከተቻለ በዋናው ሐረግ ላይ ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ሜትር ርቃ ያለችውን ምረጡ፣ ከኋላዋ ብዙ ቅጠል ሊኖር ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ አቆዩ። ዙሪያቸውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ የሚያድገው ራሱን ያሳያል። በዚያ ቀን ትልቁ የሆነው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም፣ በየቀኑ የሚጨምረውን እዩ። ከዚያ ሌሎቹን ቁረጡ። ያሳዝናል፣ ግን አንድ ተክል አንድ ዱባ ብቻ ሲይዝ ነው ጉልበቱን ሁሉ እዚያ የሚያፈሰው።

የቀረውን ዱባ ገና ትንሽ ሳለ አንገቱ ከሐረጉ ጋር ማዕዘን እንዲሠራ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አዙሩት። ይህን ከሰዓት በኋላ በሙቀት አድርጉት። ጠዋት ሐረጉ ውሃ ሞልቶት ድርቅ ስለሚል ቀጭ ይላል። ከሥሩ አሸዋ አንጥፉለት፣ ከላይ ደግሞ ጥላ ሥሩለት፣ ፀሐይ የመታው ቆዳ ቶሎ ይጠነክርና መለጠጥ ያቅተዋል።

ሲገዝፍ ዙሪያው ብቻውን አይበቃም፣ ሦስት ልኬት ያስፈልጋል። አንደኛው ሜትሩን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጎ፣ በአንገቱና አበባው በረገፈበት ጫፍ በኩል አዙሮ የሚለካው ዙሪያ ነው። ሁለተኛው ከአንገቱ በኩል ካለው መሬት ተነስቶ በጀርባው ላይ አልፎ በሌላኛው ጫፍ መሬት እስኪነካ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንዲሁ ከመሬት እስከ መሬት፣ ግን ከጎን ወደ ጎን። ሦስቱን ደምሩ። አሳዳጊዎች ድምሩን ወደ ክብደት የሚቀይር ሠንጠረዥ አላቸው፣ በእሱ መሠረት 762 ሴንቲ ሜትር ወደ 280 ኪሎ ግራም ይጠጋል፣ 1,016 ሴንቲ ሜትር ግን 640 አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ ልኬቱ በሲሶ ሲጨምር ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መጨረሻ አካባቢ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትርን አትናቁ የምለው ለዚህ ነው።

ከ20ኛው እስከ 40ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚያስገርም ፍጥነት ታያላችሁ፣ ጥሩ ተክል በቀን ከ15 ኪሎ በላይ ይጨምራል። የዕለቱ ጭማሪ ድንገት ከወረደ ያኔውኑ ፈትሹ። አንገቱ ተሰንጥቋል? አፈሩ ደርቋል? ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ወጥቷል? ጭማሪው ድንገት ካሻቀበ ደግሞ ውሃውን ቀነስ አድርጉ። ከደረቀ ሰሞን በኋላ በአንዴ ብዙ ውሃ ሲጠጣ ዱባው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እስከ ውስጠኛው ባዶ ክፍል ከዘለቀ ደግሞ ከውድድር ውጭ ይሆናል። ውሃው በየቀኑ ተመጣጣኝ ይሁን።

ጭማሪው ለቀናት ዜሮ ሆኖ ከቆየ ቆርጣችሁ መዝኑት፣ ከዚያ የሚዛኑን ቁጥር ከሠንጠረዡ ግምት ጋር አስተያዩ። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ዱባ ከግምቱ በላይ ይመዝናል። የዚህን ዱባ ዘር አጥባችሁ በጥላ አድርቁና ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ ፖስታው ላይ ክብደቱን፣ ዓመቱንና ብናኙ ከየትኛው ተክል እንደመጣ ጻፉበት።