ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ ከተዘጋባችሁ (የድሮ መኪና ላላችሁ)

ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ አቁማችሁ ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ ከተዘጋ መጀመሪያ ሁሉንም በር ሞክሩ፣ የድሮ መኪና ላይ አንዱ በደንብ ሳይቆለፍ ይቀራል። ህጻን ውስጥ ካለ ግን በፍጹም ጊዜ አታጥፉ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቶሎ ነው የሚግለው፣ ከልጁ ራቅ ያለውን የጎን መስታወት ጥጉ ላይ በጠንካራ ነገር ምቱት። የፊቱን አትንኩ፣ መሃሉ ላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም።

ሰው ከሌለበት ተረጋጉ። ላዳም በሉት የድሮ ኮሮላ፣ መስታወቱ ስር ወደ ላይ ስትነሳ የምትከፍት ትንሽዬ ማንሻ ካለው የጫማ ክር ይበቃል፣ መሃሉ ላይ ሲስቡት የሚጠብቅ ሸምቀቆ ስሩና ከበሩ የላይኛው ጥግ በጎማው በኩል በሁለት እጅ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አስገቡት፣ ሸምቀቆው ማንሻዋ አንገት ላይ ሲያርፍ ሁለቱንም ጫፍ ስባችሁ አጥብቁና ወደ ላይ። ጫፏ ወፈር ካላለ ግን ይሾልካል፣ አትልፉ። ሽቦ መስታወቱና ጎማው መሃል መክተት እኔ አልመክርም፣ ውስጥ ያለውን የመቆለፊያ ዘንግ ያጣምመዋል።

ካልሆነ ቁልፍ ሰሪ ጥሩ፣ ዋጋውን ሳይነካው ተነጋገሩ፣ ፖሊስ መጥቶ ከጠየቀም ሊብሬው ውስጥ እንዳለ ንገሩትና በሩ ሲከፈት አሳዩት።