የስልካችሁን ነገር በቁማችሁ እንዴት ትጨርሳላችሁ?

ሰው ሲሞት ቤተሰብ ስልኩን የሚፈልገው ለወሬ ብሎ አይደለም። ፎቶ ይፈልጋል። የሚደወልላቸው ወዳጆች አሉ። ያልተቋጨ የገንዘብ ጉዳይም ይኖራል። ግን እዚያው ስልክ ውስጥ ማንም እንዲያየው የማትፈልጉት ነገር አለ። ብዙ ሰው ወይ ኮዱን ለማንም ሳይናገር ይሞታል፣ ወይ ለአንድ ሰው ይነግርና ሁሉንም ነገር በአንዴ ያስረክባል። ሁለቱም አያስፈልጉም።

መጀመሪያ ለዩ

ወረቀት አምጡና ለሁለት ክፈሉት፦ «የሚቀር» እና «ከእኔ ጋር የሚሄድ»። የሚቀረው ቀላል ነው፤ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሰነድ፣ የሰዎች ስልክ ቁጥር።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። ቻታችሁ ውስጥ ያለው ሚስጥር የእናንተ ብቻ አይደለም። ጓደኛችሁ ስለ ትዳሯ ያጫወተቻችሁ፣ ወንድማችሁ ስለ ሕመሙ የጻፈላችሁ፣ ለእናንተ ብለው ነው። እናንተ ብትሞቱም እነሱ አሉ። እንዲህ ያለውን ዛሬውኑ አጥፉት። ዋትስአፕ ላይ መልእክቶች ከ24 ሰዓት፣ ከ7 ወይም ከ90 ቀን በኋላ በራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል፤ ቴሌግራምም ተመሳሳይ ነገር አለው። ሕግ ይጠብቀኛል ብላችሁ አትዘናጉ። ጠንካራ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እንኳ ሟችን አይመለከትም።

መደበቅ ደግሞ ማጥፋት አይደለም። የተደበቀ አልበም ኮዱን ላወቀ ሰው ብዙም አያስቸግርም።

አይፎን ከሆነ

ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁን ንኩ፤ «ሳይን ኢን ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሌጋሲ ኮንታክት» ውስጥ ግቡ። የምታምኑትን ሰው ስትጨምሩ መክፈቻ ቁልፍ ይወጣለታል። ሰውየው ያንን ቁልፍና የሞት ማስረጃ ለአፕል ሲያቀርብ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያለውን ያገኛል፤ ለ3 ዓመት። ከዚያ አካውንቱ ይጠፋል።

የተቀመጡ ፓስወርዶችና የክፍያ መረጃ አይሰጡትም። ነገር ግን ፎቶውን ስጡት፣ መልእክቱን ከልክሉት ማለት አይቻልም። አይክላውድ ላይ ያለ መልእክት አብሮ ይሄዳል። ከአንድ በላይ ሰው ከመረጣችሁም እያንዳንዱ ለብቻው ወስኖ ሁሉንም ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት አንድ ሰው ይበቃል።

የጉግል አካውንት

ይሄኛው ይሻላል፤ እየመረጡ መስጠት ይቻላል። አካውንታችሁ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ» የሚለውን ክፈቱና «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር»ን ፈልጉ። አካውንቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ካልተነካ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቃችኋል። እስከ 10 ሰው መመደብ ይቻላል። ለእህታችሁ ፎቶውን ብቻ፣ ለሥራ ባልደረባችሁ ድራይቩን (ጉግል ላይ ያስቀመጣችሁትን ፋይል) ብቻ። ኢሜሉን ለማንም አለመስጠት መብታችሁ ነው። መጨረሻ ላይ አካውንቱ እንዲጠፋ ማዘዝም ይቻላል። ጊዜው ሳይደርስ ተመራጮቹ ምንም አይነገራቸውም።

ሌሎቹ

ፌስቡክ ላይ የምትወክሉት ሰው ገጹን ይንከባከባል እንጂ የውስጥ መልእክት አያነብም። ካልፈለጋችሁ ስሞት ይጥፋ የሚለውን ምረጡ። ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ካልተገባበት አካውንቱ ይጠፋል፤ ስንት ወር እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ ወስኑ። የዋትስአፕ አካውንት ለ120 ቀን ካልተሠራበት ይዘጋል። ይሁንና ስልኩ ላይ የተቀመጠው ቻት እዚያው ይቆያል።

ኮዱስ?

«አሻራዬ አለ» የሚል ካለ አይሠራም። አይፎን ለ48 ሰዓት ካልተከፈተ፣ ወይም ጠፍቶ ከበራ፣ ኮድ እንጂ አሻራም ፊትም አይቀበልም። አፕል ራሱም የተቆለፈን ስልክ ውስጡን ሳያጠፋ አይከፍትላችሁም። የሚሄደውን ካጸዳችሁ በኋላ ኮዱን ጽፋችሁ አሽጉና ለአንድ ሰው ስጡ። ኮድ በቀየራችሁ ቁጥር ወረቀቱንም ቀይሩ። ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው።

ሐዘን ላይ ያላችሁ ከሆነ

ኮዱን በግምት አትሞክሩ። አንዳንድ ስልክ 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሁሉንም እንዲያጠፋ ተደርጎ ይሆናል። ሲም ካርዱንም ቶሎ አታዘጉ። የኢሜልና የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ አካውንቶቹን ጨርሱ። የተዘጋ ቁጥር ውሎ አድሮ ለማያውቁት ሰው ይሰጣል፤ ከአካውንቶቹ ካልተነሳ ኮዱም ወደዚያ ሰው ይሄዳል።

ስልኩን ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ፋብሪካ ሪሴት ከማድረጋችሁ (ውስጡን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከማድረጋችሁ) በፊት የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን ከውስጡ አውጡ። አለበለዚያ ስልኩ ተመልሶ ሲከፈት የሟቹን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ያንን የሚያውቅ ደግሞ የለም።