ሎድ ሲቀየር ሙቀቱ ለምን ይረበሻል? የፍሬም 9ኢ ጋዝ ተርባይን ችግርና መፍትሄ

ፍሬም 9ኢ በሙሉ ሎድ (ጭነት) ሲሠራ የቃጠሎው ሙቀት ወደ 1124 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ይህን በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር ግን የለውም። ኮንትሮሉ የቃጠሎውን ልክ የሚያሰላው ከኤግዞስት (የጭስ መውጫ) ሙቀትና ከኮምፕረሰር መውጫ ግፊት ተነስቶ ነው። ስለዚህ ወደ ነዳጅ ቫልቩ ከመሮጣችሁ በፊት አየሩንና መለኪያዎቹን መርምሩ።

ሎድ ሲጨመር ሙቀቱ ዘሎ አላርም ከሰጠ

አላርሙ አብዛኛውን ጊዜ የኤግዞስት ሙቀቱ ከሪፈረንሱ (ኮንትሮሉ ከሚያሰላው የሙቀት ገደብ) 14 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ይመጣል፤ 22 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ማሽኑ ትሪፕ ያደርጋል (ራሱን ያቆማል)። የተለመደው ምክንያት ነዳጁ ቀድሞ አየሩ መዘግየቱ ነው። የአይጂቪን (በኮምፕረሰሩ መግቢያ የአየሩን መጠን የሚቆጣጠሩትን ተንቀሳቃሽ ቬኖች) ትእዛዝና ትክክለኛ ማዕዘን በአንድ ትሬንድ (የጊዜ ግራፍ) ላይ አውጡ። ማዕዘኑ ከትእዛዙ ወደኋላ ከቀረ በቅድሚያ የሃይድሮሊክ ግፊቱንና ፊልተሩን፣ ቀጥሎ ቬኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘይት የሚቆጣጠረውን ሰርቮ ቫልቭ እዩ፤ ዘይቱ ሲቆሽሽ ቶሎ የሚጣበቀው ሰርቮው ነው። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበውም ሙቀቱ ከዘለለ ኤልቪዲቲውን (የቬኖቹን ቦታ የሚለካውን ሴንሰር) ተጠራጠሩ። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ቬኖቹን በ57 ዲግሪ፣ ከዚያም ሙሉ በሚከፈቱበት ማዕዘን (ብዙውን ጊዜ 84) አቁሙ፤ በፕሮትራክተር ለክታችሁ ካልተስማማ ካሊብሬት አድርጉ። ሃይድሮሊኩ በርቶ ቬኖቹ ሲንቀሳቀሱ ማንም እጁን አያስገባ።

እስኪስተካከል ድረስ ሎድ የሚጨመርበትን ፍጥነት ቀንሱ። የሙቀት ገደቡን ከፍ ማድረግ መፍትሄ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት የተርባይኑ የመጀመሪያ ረድፍ ቢላዎች ናቸው።

አላርም ሳይኖር ማሽኑ ከወትሮው በላይ ከሞቀ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የኮምፕረሰር መውጫ ግፊት መለኪያው ቱቦ ካፈሰሰ ንባቡ ይወርዳል፤ ንባቡ ሲወርድ ሪፈረንሱ ከፍ ይላል፤ ማሽኑም ከልኩ በላይ እያቃጠለ አላርሙ ዝም ይላል። ትራንስሚተሮቹን እርስ በርስ አነጻጽሩ፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ፈትሹ፣ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ አውጡ። ንባቡ ከእውነተኛው ግፊት በላይ ሲሆን ደግሞ ማሽኑ ቀድሞ በሙቀት ቁጥጥር ይያዝና ሙሉ ሎድ አይደርስም። መለኪያዎቹ ደህና ሆነው ግፊቱ ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩ ቆሽሿልና ማሽኑን አቁማችሁ እጠቡት።

ስፕሬዱ (በኤግዞስት ሙቀት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት) ከሰፋ

ከ24ቱ የኤግዞስት ቴርሞካፕሎች (የሙቀት ሴንሰሮች) ዝቅ ያለ የሚያነበውን ለዩና ሎዱን ቀስ ብላችሁ ቀይሩ። ከማቃጠያ ክፍሎቹ የሚወጣው ጋዝ እየተጠመዘዘ ስለሚሄድ፣ ሎድ ሲቀየር የመጠምዘዣው ማዕዘንም ይቀየራል። ቀዝቃዛው ቦታ ወደ ጎረቤት ቴርሞካፕሎች ከተዛወረ ችግሩ ከ14ቱ ክፍሎች በአንዱ ያለ የተዘጋ የነዳጅ ኖዝል ወይም የተሰነጠቀ ላይነር (የክፍሉ ውስጠኛ ሽፋን) ነው። እዚያው ቁጥር ላይ ተተክሎ ጎረቤቶቹ ጤናማ ከሆኑ ግን ቴርሞካፕሉን ወይም የገመዱን ግንኙነት ቀይሩ።

ሎድ በድንገት ሲወርድ ነበልባሉ ከጠፋ

የዝቅተኛ ነዳጅ ገደቡን ከፋብሪካው ሰነድ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ የጋዝ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ሲዘጋ ከትእዛዙ አልፎ እንደማይወርድ በትሬንድ አረጋግጡ።