የዛገ ሰንጢ አልከፈት ሲል

በእጅ የተሠራ የድሮ ሰንጢ ዝጎ አልከፈት ካላችሁ በፒንሳ አትጎትቱት፤ ስለቱ ይሸረፋል፣ የማጠፊያው ሚስማርም ይላላል። ማጠፊያው ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ጠብታ ላምባ አድርጉና ከእሳት አርቃችሁ አሳድሩት። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ዝገቱ መሀል ሰርጎ ይገባል። ጠዋት ቀስ ብላችሁ ከፈት ዘጋ ስታደርጉት ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ እስኪጠራ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፣ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ለምንኖር ደግሞ፦ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሰንጢውን በቆዳ አፎት አታቆዩት። እጀታው ቀንድ ከሆነ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ይሰነጠቃል። ስለቱ ላይ ያለውን ግራጫ ወዝም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ የሠሪው የመዶሻ ምልክት አብሮ ይጠፋል፣ ውበቱ ደግሞ እሱ ነው።