ወንዝ ዳር የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ

አዲስ አበባ ውስጥ ከጉሊት የምንገዛው ሰላጣና ቆስጣ ቀላል የማይባለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ መካኒሳ፣ ጎፋ፣ አቃቂ ምናምን በወንዝ ውሃ የሚበቅል ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ካሉት ተራሮች ንጹህ ሆኖ ይወርድና ከተማ ሲገባ የሽንት ቤቱንም የጋራዡንም የቆዳ ፋብሪካውንም ፍሳሽ ሰብስቦ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ገበሬዎቹ ላይ አትፍረዱ፣ ስንት ዓመት መግበውናል፣ ወንዙን ያቆሸሽነው እኛ ነን።

ስትገዙ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ሻጮቹ ሊያውቁ ይችላሉ። ቅጠሉ ስላብረቀረቀ ታጥቧል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ብዙ ጊዜ እንደተቆረጠ እዛው ወንዙ ውስጥ ነክረውት ነው ወደ ገበያ የሚጫነው። በተለይ በጋ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ክረምት ዝናቡ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፣ የካቲት መጋቢት ላይ ግን ወንዙ የሚሄደው በአብዛኛው በፍሳሽ ነው፣ መስኖውም ያኔ ነው፣ ሰላጣ የምናበዛበት ዐቢይ ጾምም ያኔ ነው።

አስተጣጠቡ ላይ ሰላጣውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ማውጣት አይበቃም፣ የአንዱ ቆሻሻ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ግንዱን ቆርጣችሁ ውጪ ውጪውን ቅጠል ጣሉት፣ የቀረውን አንድ በአንድ እየነጠላችሁ በሚወርድ ውሃ ሁለቱንም ጎን በጣት እሹት፣ በተለይ ነጩ አጥንቱ ስር ያለችውን ጎድጓዳ፣ አፈሩ የሚደበቀው እዛ ነው። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ። አቼቶ ጀርም ይቀንሳል ግን የወስፋት እንቁላል አይገድልም ስለዚህ አቼቶ ነክሬዋለሁ ብላችሁ እሽታውን እንዳትተዉት። ከየት እንደመጣ ያልታወቀውን ደግሞ በጥሬው አትብሉት፣ ቆስጣና ጎመን ከሆነ በደንብ ይብሰል፣ ለህጻናትና ለነፍሰ ጡር በጭራሽ ጥሬውን አትስጡ።

አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ክሮሚየምና እርሳስ የሚባሉት መርዛም ብረቶች በስር ገብተው ቅጠሉ ውስጥ ከተቀመጡ መታጠብም መቀቀልም አያወጣቸውም። ለሱ ጉዳቱን የሚቀንሰው አንድ አይነት ቅጠል ከአንድ ቦታ እየገዙ ሁሌ አለመብላት ነው፣ እያቀያየራችሁ።

እና የግቢያችሁ የሽንት ቤት ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬውኑ እዩ፣ የዝናብ ቦይ ውስጥ ከተለቀቀ መድረሻው ወንዝ ነው፣ ለጉድጓድ አዙሩትና ሲሞላ መጣጭ መኪና ጥሩ።